2147483647 ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

የደንበኞች መመዝገቢያ ሲስተም የሠራ፣ ወይም ሌላው ሲሠራ አጠገቡ ሆኖ ያየ ሰው ይህን ቁጥር ሳያገኘው አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራመሩ የስልክ ቁጥር የሚቀመጥበትን ዓምድ ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አድርጎ ይከፍተዋል። ደንበኞች በ09 ሲመዘገቡ የፊቷ ዜሮ ብትጠፋም የቀረው ይቀመጣል፤ ማንም ልብ አይልም። ከዚያ አንድ ቀን "ውጭ አገርም ደንበኞች አሉን፤ ሁሉም በ251 ይጀምር" የሚል ትእዛዝ ይመጣል። 251 ሲጨመርበት ቁጥሩ 12 አኃዝ ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ የተመዘገበው ሰው ሁሉ፣ አዳማ ይኑር ጎንደር፣ ስልኩ አንድ ሆኖ ይገኛል፦ 2147483647። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም የቆየ አሠራር ዓምዱ የማይችለውን ቁጥር ሲሰጡት "አልችልም" ብሎ አይመልስም፤ የሚችለውን ትልቁን ጽፎ ዝም ይላል። አዳዲሶቹ ቅጂዎች ካላስገደዷቸው በቀር ይህን አያደርጉም።

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞስ የሒሳብ ሰዎች ስለ እሱ ደብዳቤ የሚጻጻፉት ለምን ነበር? ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙ ይመስላሉ። የሚገናኙት ግን በአጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚው ደግሞ ኋላ ላይ ሥራ ሰጠ። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር እዚህ የተጻፉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከ1 ተነስተን እጥፍ እያደረግን እንሂድ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። 31 ጊዜ ካጠፍን 2147483648 ላይ እንደርሳለን። አንድ ስንቀንስ የእኛው ቁጥር ይመጣል፤ በሒሳብ አጻጻፍ 2³¹ − 1። አንድ መቀነስ ኢምንት ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከመቀነሱ በፊት ያለው ቁጥር 2 ሠላሳ አንድ ጊዜ በራሱ የተባዛበት ነውና ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም፤ የምናወራው ጠባይ ሁሉ የሚመጣው ከዚያች ከተቀነሰችው አንድ ነው።

ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው፤ ይህ አጻጻፍ ባይነሪ ይባላል፣ አንዷ 0 ወይም 1 የምትጻፍበት ቦታ ደግሞ ቢት። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲደመሩ 31 ይሆናሉ፤ ከ32 በአንድ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ 31 በባይነሪ 11111 ተብሎ ይጻፋል። በዚሁ ሥርዓት 2³¹ − 1 ማለት 1 ቁጥር ሠላሳ አንድ ጊዜ ተደርድራ የምትጻፍበት ነው። ለብዙ ዓመታት አንድ ቁጥር የሚቀመጥበት የተለመደው ቦታ 32 ቢት ነበር፣ ዛሬም በብዙ ቦታ ነው። ከ32ቱ አንዱ ቢት ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ የሚለይ ምልክት ነው፤ ለቁጥሩ የሚቀረው 31 ነው። ሠላሳ አንዱም 1 ከሆኑ ቦታው ሞልቷል። በዚህ ላይ አንድ ሲጨመር፣ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 999999 ላይ ደርሶ ሁሉም ዜሮ እንደሚሆን፣ ሠላሳ አንዱም ወደ 0 ይገለበጣሉ፤ ትርፉ ወደ ምልክቱ ቢት ይገፋል። ምልክቱ 1 ሲሆን ማሽኑ ቁጥሩን ኔጌቲቭ ብሎ ያነበዋል፦ −2147483648። ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ በአንድ እርምጃ።

ይህ በሰዓት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዘር የሆኑ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው፤ ሰዓቱም የግሪንዊች ነው። አንድ ቀን 86400 ሰከንድ አለው። 2147483647ን ለ86400 ስናካፍል 24855 ቀን ደርሶ 11647 ሰከንድ ይተርፋል። 11647 ሰከንድ ማለት 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ቀኖቹን ከ1970 ጀምሮ ቆጥረን ስንሄድ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ እናርፋለን። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት። የሦስት ሰዓቱን ልዩነት ስንጨምርበት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ታቦታቱ ጃን ሜዳ አድረው ሕዝቡ ጸበል በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ያልታደሰ ባለ 32 ቢት ሰዓት ያለው ማሽን ሁሉ በቀጣዩ ሰከንድ ዓመቱን 1901 ይላል። ቀኑን ካስፈለገ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን።

ለዚያ ቀን ገና ጊዜ አለ የሚል ካለ፣ ችግሩ የሚመጣው ቀኑ ሲደርስ ብቻ አይደለም። የ20 ዓመት የቤት ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ዛሬውኑ ማወቅ አለበት፤ ያ ቀን ደግሞ ከ2038 ወዲያ ማዶ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ጊዜን በ64 ቢት መቁጠር። የዩኒክስ ዘር የሆነው ሊኑክስ ለባለ 32 ቢት ማሽኖች ሳይቀር በ2020 በወጣው ቅጂው ይህን አሟልቷል። የሚያሰጋው ስልክና ላፕቶፕ ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ፣ በፋብሪካ ማሽን ውስጥ ተቀብሮ ማንም የማያድሰው ትንሽ ኮምፒውተር ነው።

ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። በ2014 የደቡብ ኮሪያው ዘፋኝ ሳይ አንድ ቪዲዮ የተመልካቹ ብዛት ወደዚህ ጣሪያ ሲጠጋ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሰፋ። ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በ32 ቢት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ካለ ጣሪያው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። በአዲስ አበባ የቤት ዋጋ ይህ ገንዘብ ሩቅ አይደለም። ከሁሉም የሚያስደነግጠው የአውሮፕላኑ ነው። በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ቦይንግ 787ን በሚመለከት አንድ መመሪያ አወጣ፦ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሳይቋረጥ 248 ቀን ከቆየ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ሞልቶ ስለሚፈስ አውሮፕላኑ ኃይል ሊያጣ ይችላልና በየጊዜው ይጥፋና ይብራ የሚል። ችግሩ የተገኘው በላቦራቶሪ ሙከራ እንጂ በበረራ ላይ አልነበረም። 248 ከየት መጣ? በየመቶኛ ሰከንዱ አንድ የሚቆጥር ቆጣሪ 2147483647 ላይ ለመድረስ 248 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን 787 የተረከበው በ2012 ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እስካሁን ያልነው ስለ ቦታ መሙላት ነው። 32 ቢት የተመረጠው ኮምፒውተር ሠሪዎች ቢቱን በ8፣ በ16፣ በ32 እያጠፉ ስለሚሄዱ ነው፤ ስለ ቁጥሩ ጠባይ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሆኖም ያ ጣሪያ ፕራይም ቁጥር ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም። ይህ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። የ8 ቢቱ ጣሪያ 127 ፕራይም ነው። የ16 ቢቱ ጣሪያ 32767 ግን 7 × 31 × 151 ነው። የ64 ቢቱ ጣሪያ 9223372036854775807 ባለ 19 አኃዝ ግዙፍ ቢሆንም ለ7 ይካፈላል።

ለምን ለ7? በባይነሪ 7 ማለት 111 ነው። 15 አንዶች ተደርድረው ሲታዩ ሦስት ሦስት ሆነው እኩል ይቆረጣሉ፦ 111 111 111 111 111። አንድ ዓይነት ቁራጭ እየተደጋገመ የተሠራ ቁጥር ለዚያ ቁራጭ ይካፈላል፤ በእኛው በአሥር አቆጣጠርም 111111 ለ111 ይካፈላል፣ ድርሻውም 1001 ነው። 63 አንዶችም ሦስት ሦስት ሆነው ይቆረጣሉ። 31 አንዶች ግን ለምንም እኩል አይቆረጡም፤ 31 ራሱ ፕራይም ነውና። ስለዚህ 2ን ስንት ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ ፕራይም እናገኛለን የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚያጣራው ይህን ነው፤ የማባዣው ብዛት ፕራይም መሆን አለበት።

መሆን አለበት እንጂ ይበቃል አላልንም። 11 ፕራይም ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2047 ሲሆን 23 × 89 ነው። በዚህች ወጥመድ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ወድቀዋል። የቦሎኛው የሒሳብ ሰው ካታልዲ በ1588 እስከ 2¹⁹ − 1፣ ማለትም እስከ 524287 ድረስ በትክክል አረጋገጠ። ከዚያ በላይ ላሉት ግን 23፣ 29፣ 31 እና 37ም ፕራይም ይሰጣሉ ብሎ ጻፈ። ፈረንሳዊው ፌርማ በ1640 ገደማ የ23ቱ ቁጥር ለ47፣ የ37ቱም ለ223 እንደሚካፈል አሳይቶ ጣላቸው። 29ን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ233 ጣለው። ከአራቱ የቀረው 31 ብቻ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ የሚጠሩበትን ስም የሰጠው ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሰን በ1644 ባወጣው ዝርዝር 31ን አስገብቷል፤ ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ ትክክል ያልሆኑትን 67 እና 257ን አስገብቶ ትክክለኞቹን 61፣ 89 እና 107ን ዘሏል። ስለዚህ በእሱ ቃል ማንም ሊተማመን አይችልም ነበር። ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ማስረጃው በ1772 ከቅዱስ ፒተርስበርግ መጣ። ኦይለር ያኔ በስልሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ዓይኑም ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ለሒሳብ ሰው ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ 2³¹ − 1 ፕራይም መሆኑን እንዳረጋገጠ ገለጸ። ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት በተራው መንገድ እንጀምር። አንድ ቁጥር የሚካፈል ከሆነ ከሁለቱ አባዦቹ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የ2147483647 ስኩዌር ሩት 46340 እና ትርፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉት ፕራይሞች 4792 ናቸው። እያንዳንዱን በእጅ ማካፈል ማለት ነው፤ አንዷን ቢሳሳቱ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ኦይለር ያደረገው አብዛኛውን ሳያካፍሉ መጣል ነው። እንዴት እንደሆነ ለማየት በትንሿ 2047 እና በአካፋይዋ በ23 እንሞክረው። ከ1 ተነስተን እጥፍ እናድርግ፤ ከ23 በለጠ በተባለ ቁጥር 23 እንቀንስ። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ ከዚያ 32 ስለሚሆን 9፣ ከዚያ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ ከዚያ 24 ስለሚሆን ተመልሰን 1። አሥራ አንድ እርምጃ ሄደን ዞረን መጣን። መዞራችን አይገርምም፤ 2¹¹ − 1 ለ23 ይካፈላል ማለት 2¹¹ ለ23 ሲካፈል 1 ይተርፋል ማለት ነውና። አሁን ያልተነካውን 5ን እንያዝና እንዲሁ እናድርገው፦ 5፣ 10፣ 20፣ 17፣ 11፣ 22፣ 21፣ 19፣ 15፣ 7፣ 14፣ ተመልሶ 5። ይህም አሥራ አንድ። ከ1 እስከ 22 ያሉት ቀሪዎች በሙሉ አለቁ፤ አንድም ሳይተርፍ፣ አንድም ሳይደገም፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው በሁለት ክብ ተከፈሉ። ስለዚህ 22 የ11 ብዜት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

ይኸው ነገር ለ31 ይሠራል። የ2³¹ − 1 አካፋይ የሆነ ፕራይም ካለ፣ ከ1 ጀምሮ እስከ እሱ ድረስ ያሉት ቀሪዎች እያንዳንዳቸው ሠላሳ አንድ አባል ባላቸው ክቦች መከፈል አለባቸው። ክቡ ከ31 ያጠረ ሊሆን አይችልም፤ ያጠረ ቢሆን ርዝመቱ 31ን እኩል ማካፈል ነበረበት፣ 31 ደግሞ ለ1 ካልሆነ አይካፈልም። ስለዚህ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የ31 ብዜት ይሆናል፤ ተጋማሽም ስለሆነ የ62 ብዜት ነው። 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ ሁሉም ሳይሞከሩ ወደቁ። በዚህ ላይ ሁለተኛ ማጣሪያ አለ። 2³¹ ሲካፈል 1 ከተረፈ 2³² ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። ማለትም በዚያ ፕራይም ዓለም ውስጥ 2 የስኩዌር ቀሪ ነው። ይህ የሚሆነው ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 በሚተርፋቸው ፕራይሞች ብቻ ነው። ሁለቱ ማጣሪያዎች ሲጣመሩ የሚያልፈው ቁጥር ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ ይሆናል። (እዚህም 248፣ አውሮፕላኑም ላይ 248። ግንኙነት የላቸውም፤ እዚህ 8 × 31 ነው፣ እዚያ የሰከንድ ሒሳብ። እንዲህ ያለውን መመሳሰል አይቶ ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ስለማይጠፋ ብናገር ይሻላል።)

እስቲ ወደ ሥራው እንግባ። 63 ራሱ ፕራይም አይደለም። 249 የ3 ብዜት ነው። 311 ፕራይም ነው፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ። 2147483647ን ለ311 ስናካፍል 6905092 ደርሶ 35 ይተርፋል። አልተካፈለም። ቀጥሎ 497፣ የ7 ብዜት። 559፣ 13 × 43። 745 በ5 ይወድቃል። 807 እና 993 በ3። 1055 በ5። 1241 ደግሞ 17 × 73። ከዚያ 1303 ይመጣል፤ ፕራይም ነው። ስናካፍል 226 ይተርፋል። ከ1 እስከ 1303 ድረስ ካሉት ከሁለት መቶ በላይ ፕራይሞች በእውነት ማካፈል ያስፈለገን በሁለቱ ብቻ ነው። እስከ 46340 ድረስ ቢኬድ ከሁለቱ ማጣሪያዎች የሚያልፉት ቁጥሮች ከ63 ወዲያ 372 ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ እንደ 497ና እንደ 1241 ፕራይም ሳይሆኑ በመንገድ ይቀራሉ። ኦይለር ቀሪዎቹን ፈትኖ አንድም የሚያካፍል አላገኘም። በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት ፕራይሞች ትልቁ ይህ ሆነ፤ ክብሩንም ከሰባ ዓመት በላይ ይዞ ቆየ።

ካታልዲም ሜርሰንም ኦይለርም ይህን ያህል የደከሙት ለፕራይሙ ብለው ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው ፍጹም ቁጥር የሚባለው ነገር አለ። 6 ለ1፣ ለ2 እና ለ3 ይካፈላል፤ ሦስቱ ሲደመሩም 6 ናቸው። 28 ከ1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ድምር ጋር እኩል ነው። ቀጥሎ 496፣ ቀጥሎ 8128። ኤውክሊድ 2ን እያባዙ አንድ ሲቀንሱ ፕራይም ከተገኘ ከእሱ ፍጹም ቁጥር መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ኦይለር ተጋማሽ የሆነ ፍጹም ቁጥር ሁሉ በዚሁ መንገድ እንደሚመጣ አረጋገጠ። ከእኛው ቁጥር የሚወጣው 2³⁰ × 2147483647 ሲሆን ውጤቱ 2305843008139952128 ነው፤ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። ኢ-ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም።

በ1811 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ፒተር ባርሎ ስለዚህ ስምንተኛ ቁጥር ሲጽፍ፣ ከእንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር አይገኝም አለ። ምክንያቱን ሲሰጥ እነዚህ ነገሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለምንም አይጠቅሙምና ከዚህ አልፎ ለመፈለግ የሚነሳ ሰው አይኖርም ነው ያለው። ባርሎ ተራ ሰው አልነበረም፤ የሠራቸው የሒሳብ ሠንጠረዦች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አገልግለዋል። ትንቢቱ ግን አልሠራለትም። በ1876 ሉካ የተባለ ፈረንሳዊ 39 አኃዝ ያለው 2¹²⁷ − 1 ፕራይም መሆኑን አሳየ። በ1883 ፐርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ ቄስ በገጠር ሆኖ ሜርሰን የዘለላትን 2⁶¹ − 1ን አረጋገጠ። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ የታወቀው ትልቁ 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ሲሆን ከ41 ሚሊዮን አኃዝ በላይ አለው።

"አይጠቅምም" ያለውም ቢሆን አልቆመም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ታሪክ ይህ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ በዕጣ የወጣ የሚመስል የቁጥር ተራ የሚያመርት ዘዴ ተፈለገ፤ ለጨዋታ፣ ለናሙና፣ ለሳይንስ ስሌት። አሜሪካዊው ሌመር ያቀረበው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፦ አንድ ቁጥር ያዝ፣ በተወሰነ ቁጥር አባዛው፣ ለሌላ የተወሰነ ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ውሰድ፣ ቀሪውን ደግሞ አባዛው። ያው ቅድም በ23 ያየነው ክብ ነው። ጥሩ የሚሆነው ክቡ ረጅም ሲሆን ነው፤ አካፋዩ ፕራይም ከሆነ ደግሞ ማባዣው በደንብ ከተመረጠ ክቡ ሁሉንም ቀሪዎች አንድም ሳይዘል ይዞራል። በ32 ቢት ውስጥ የሚገባ ትልቁ ቁጥር ራሱ ፕራይም ሆኖ መገኘቱ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። በ1988 ፓርክና ሚለር መነሻ መለኪያ ይሁን ብለው ያቀረቡት ማባዣው 16807፣ ማለትም 7 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ አካፋዩ 2147483647 የሆነውን ነው። ከ1 ሲነሳ 16807፣ 282475249፣ 1622650073፣ 984943658 እያለ ይሄዳል። ዓይን ምንም ሥርዓት አያይበትም። ከ1 እስከ 2147483646 ያሉትን ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ከጎበኘ በኋላ ብቻ ወደ 1 ይመለሳል።

ለማካፈሉም ቢሆን ማሽኑ ብዙ አይለፋም። አንድ ቁጥር ለ9 ሲካፈል የሚተርፈውን ለማወቅ አኃዞቹን እንደምንደምረው ሁሉ፣ ለ2³¹ − 1 ሲካፈል የሚተርፈውን ለማወቅ ባይነሪውን ሠላሳ አንድ ሠላሳ አንድ ቢት አድርጎ ቆርጦ መደመር ይበቃል። ዛሬ ይህ ዘዴ ለከባድ ሥራ አይመከርም። ሁለት ቢሊዮን ለዛሬ ማሽን የሰከንዶች ሥራ ስለሆነ ክቡ ቶሎ ያልቃል፤ ለምሥጢር ቁልፍማ ጭራሽ አይሆንም፣ አንዱን ያወቀ ቀጣዩን ያውቃልና። ሆኖም ሲ ፕላስ ፕላስ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር በሚመጣው ቤተ መጻሕፍት (የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ስብስብ) ውስጥ ዛሬም ከነቁጥሮቹ ተቀምጦ ይገኛል።

አንድ ነገር ቀረን። 31 ራሱ 2⁵ − 1 ነው፤ 5 ፕራይም፣ 31 ፕራይም፣ 2³¹ − 1 ፕራይም። ታዲያ አንድ ደረጃ ብንወጣስ? 2ን 2147483647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ ፕራይም ይሆናል? ይህ ቁጥር ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው፤ ከዛሬው ክብረ ወሰን ባለቤት አኃዙ ከ15 እጥፍ በላይ ይበዛል። ጽፎ መጨረስ አይቻልም ማለት ይቀላል። የክቡ ሕግ ግን አሁንም ይሠራል፤ አካፋይ ካለው አንድ ሲቀነስ የ2147483647 እጥፍ፣ ማለትም የ4294967294 ብዜት መሆን አለበት። እነዚያን ብቻ እየፈተኑ ሄደው በ1983 68745ኛዋ ላይ ተገኘ፦ 4294967294 በ68745 ተባዝቶ አንድ ሲጨመርበት 295257526626031 ይሆናል፤ ይህም ግዙፉን ቁጥር ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ስለዚህ ፕራይም አይደለም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ግዙፉን ቁጥር መጻፍ አያስፈልገውም። የማባዣው ብዛት፣ 2147483647፣ በባይነሪ ሠላሳ አንድ 1ዎች ስለሆነ ከ1 ተነስቶ "በራሱ አባዛ፣ እጥፍ አድርግ፣ ለ295257526626031 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ" የሚለውን ሠላሳ አንድ ጊዜ ደጋግሞ መጨረሻው ላይ 1 መምጣቱን ማየት ነው። በማንኛውም ስልክ ላይ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፤ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ግን መሀል ላይ የሚመጡት ብዜቶች በ64 ቢት እንኳ ስለማይገቡ ኢንቲጀሩን ሰፋ አድርጎ መክፈት ነው።